በኮምፒውተሩ የተቆለፈው ኑዛዜ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗ «አድሽኝ» ብሎ ሲለምናት ሳታነብ ስትዘጋው አይቼ፣ ለምን አታድሺውም አልኳት። «እታዬ ደግሞ፣ ዳታ ይበላል እኮ» አለችኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ እል ነበር።

ያኔ ቆቦ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጊዜው ስላለፈበት በአዲስ ካልተተካ የደኅንነት ጥገና እንደማይላክለት በየጠዋቱ ይነግረኛል፤ እኔ ጅሏ በየጠዋቱ እዘጋዋለሁ። በዚያው ኢንተርኔት ገብቼ ለሰው ቅጽ እሞላለሁ፣ ካገኘሁበት ዘፈን አወርዳለሁ። ለባለቤቱ ብነግረው፣ እየሠራ አይደል ወይ ብሎ ዘጋኝ። እውነቱን ነው፣ ይሠራል።

የማሽላው እሸት በደረሰ ሰሞን አባ ይመር መጡ፤ ደም የሚያደርቁ፣ በደም የሚፈላለጉትን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። የተጠበሰ እሸት በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረውልኝ ነበር። በዚያ ክረምት አበራ የሚባል ገበሬ ማሳ በሚያጠጡበት የጎርፍ ውሃ ጠብ ቆስሎ ሞቷል። ሳይሞት የተናገረውን ኑዛዜ አባ ይመር በስልካቸው ቀድተውታል። ታናሽ ወንድሙ ሞላ ከሳዑዲ ተመልሶ፣ ታረቅ ቢሉት፣ የወንድሜን ድምፅ በጆሮዬ ካልሰማሁ ደሙን እመልሳለሁ ብሎ ዝቷል። እሳቸውም ስልኩ ማሳ ላይ ይወድቅብኛል ብለው ስለሰጉ፣ እስከ ዕርቁ ቀን ኮምፒውተር ውስጥ አስቀምጪልኝ አሉ። እኔም፣ ከኮምፒውተር ማን ይሰርቃል ብዬ ተቀበልኳቸው።

ድምፁን ከፍቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ የስልካቸው ሜሞሪ ካርድ እንዲቀልላቸው፣ እንደ ልማዴ፣ ኮፒ በማድረግ ፈንታ ከት አድርጌ አስገባሁት። ካርዱ ላይ ምንም አልቀረም።

በዕርቁ ዋዜማ ኮምፒውተሩን ስከፍት የፋይሉ ሁሉ ስም ተለውጧል። መሃል ላይ በቀይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ፋይሎችሽ ተቆልፈዋል፣ ካልከፈልሽ አይከፈቱም የሚል ተጽፏል። ባለሙያ አስጠራሁ። ከወልድያ የመጣው ባለሙያ ብዙ ታገለ፤ በመጨረሻ፣ ያልታደሰ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ መክፈት ቤትን ሳይዘጉ ገበያ እንደ መሄድ ነው ብሎኝ ሄደ። ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ነገ በእኔ ጦስ ሰው ይገደላል እያልኩ ወደ አባ ይመር ሄድኩ።

ለአባ ይመር ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ። «ሰምተሽዋል?» አሉኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። «እንግዲያው ምለሽ ትናገሪያለሽ።»

በማግስቱ ዕርቁ በሚደረግበት ግራር ሥር ሞላ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አስቀምጥ ቢሉት እምቢ ብሏል። ማልኩ። ዓይኔን ከክላሹ መንቀል አቅቶኝ፣ የአበራን ቃል እንዳለ ተናገርኩ፦

«ሞላን ንገሩት። ደሜን አይፈልግ። ቀዩን በሬ በግራ ይጥመደው፣ በቀኝ እንደሆነ አይሄድለትም።»

  ሞላ፣ ያን በሬ የገራነው ሁለታችን ነን አለና ክላሹን ለአባ ይመር ሰጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ባለፈው ሳምንትም የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ታድሶ እስኪያልቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ነዘነዝሽኝ አለች፤ ትበል። ሞላ ዛሬ ጎብዬ ይኖራል። ቆቦ በመጣ ቁጥር ብቅ ብሎ «እስቲ ድገሚልኝ» ይለኛል፤ እደግምለታለሁ። ቀጥሎ፣ ድምፁስ እንዴት ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ ግን፣ ድምፁማ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ እንደተቆለፈ ቀረ እለዋለሁ።