የማይካፈሉት መድኃኒት

ኮልፌ ገበያ ቅቤ ሊገዛ ገብቶ ዙሀራን ያላወቀ ሰው ካለ፣ እሱ ገበያውን ዞር ዞር ብሎ ነው የወጣው። ስልሳን ያለፈች፣ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ፣ የምትሸጠውን ቅቤ መዝና ከጨረሰች በኋላ እንኳ በጣቷ ዛቅ አድርጋ የምትጨምር ሴት ናት። «ኧረ በቃሽ!» ቢሏት አትሰማም። አንዱን ሲጋራ ይይዘዋል፣ ሌላውን ጫት ይይዘዋል፤ እሷን የያዛት መስጠት ነው። ቤቷ የገባ እንግዳ ሌላው ቢቀር ሁለት ራስ ሽንኩርት በፌስታል ሳይቋጠርለት አይወጣም። ልጇ ፈትያ፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር የምታስተምረው፣ «እማዬ አንድ ቀን እኔንም ለጎረቤት ትሰጪኛለሽ» እያለች ትቀልድባታለች።

ይቺ ሴት ከሁለት ዓመት በፊት ዝናብ ያረጠበው ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ሐኪሞቹ የተሰበረውን አውጥተው በምትኩ ብረት ተከሉላት። ብረቱ ጥሩ ብረት ነበር፣ ምንም አይወጣለት፤ ገበያ ወስዶ ሲመልሳት ከርሟል። ዘንድሮ ግን የድሮው ጠባሳ ቀላ፣ አበጠ፣ ከዚያም መግል ያንጠባጥብ ጀመር። ብረቱ ላይ ኢንፌክሽን ገብቶበታል ተባለ። እንደገና ተከፍታ ታጠበች፣ ብረቱ ግን እዚያው ቀረ።

የዚያን ሰሞን አልጋ ላይ መዋሏን ዙሀራ እስከ ዛሬ ስታስበው ይዘገንናታል። ሕመሙ አይደለም፤ ሕመሙንስ ችላዋለች። መገላበጡ ነው። ፈትያ ገላዋን ስታጥባት፣ የጎረቤት ሴት ሾርባ በማንኪያ ስታጎርሳት፣ ጠያቂ ሁሉ ብርቱካንና ሙዝ ተሸክሞ ሲገባ፣ እሷ ግን ተነስታ «ቁጭ በሉ» እንኳ ማለት ሲያቅታት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰጥ የኖረች ሴት ተቀባይ ሆና ተጋደመች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ያ ረቢ፣ ወይ አቁመኝ፣ ወይ ውሰደኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። ታዲያ አቆማት፣ አልሐምዱሊላህ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ያከማት ዶክተር እዮኤል አጠገቧ ቁጭ ብሎ ተናገረ። ወጣት ነው፣ ትዕግሥት ግን ሞልቶታል።

«እትዬ ዙሀራ፣ እኛ አጥበናል፤ ከዚህ በኋላ ብረቱን የሚያተርፍልዎት ክኒኑ ነው። ቀዩንም ነጩንም፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ ሳያቋርጡ። ኢንፌክሽኑ ከተመለሰ ብረቱን ማውጣት ግድ ይሆንብናል። ያኔ ወራት አልጋ ላይ ነዎት።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

«ደግሞ ቀዩ ሽንትዎን ያቀላዋል። ላብዎንም፣ እንባዎንም ጭምር። ደም አይደለም፤ የክኒኑ ቀለም ነው፣ እንዳይደነግጡ።»

እሷም አልደነገጠችም። የነጭ ሻርፗ ጠርዝ በላቧ ብርቱካን መስሎ ሲመጣ «ይኸው፣ ሳልነክረው ቀለም ገባ» ብላ ሳቀች።

ስድስት ሳምንት እንዲህ ዋጠች። ጠባሳው ደረቀ፣ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ከዘራዋን በሩ ጀርባ አቁማ ገበያ ወረደች። አንድ ጠዋት ታዲያ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን የመድኃኒት ካርቶን ከፍታ ስታየው ገና ግማሽ ነው። የዳነ ሰው ይህን ሁሉ ክኒን ምን ያደርግለታል? ሌላው ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር ወይ ይረሳው ነበር። ዙሀራ ግን ቤቷ ውስጥ የተረፈ ነገር ተቀምጦ ሲያድር እንቅልፍ የሚነሳት ሴት ናት።

አካፈለችዋ!

መጀመሪያ ለባለ ሱቁ ለሽኩር፤ ሳል ይዞት ሌት ተቀን ሲያስል ሰፈሩን አላስተኛ ብሎ ነበር። «ከባድ መድኃኒት ነው፣ እኔን ከሞት ያስነሳ ነው» ብላ ቀዩን በእጁ አስያዘችው። ቀጥሎ በግድግዳ ለምትዋሰናት ለፅጌ፤ ጥርሷን እያመማት ከመዘምራን ልምምድ ቀርታ ነበርና አብዛኛውን ለሷ ሰጠቻት። የቀረውን የጋራዡ ዘበኛ ኤባ ወሰደ። እሱ እንኳ ለራሱ አልነበረም፤ ያለችው ዶሮ ታማ አንገቷን ደፍታበት ነው። ካርቶኑ ባዶ ሲሆን ዙሀራ ልቧ ቀለላት። ለፈትያ ምንም አልነገረቻትም፤ ልጅቷ ደግሞ እናቷ እንደምትውጥ ነው የምታውቀው።

በዚያው ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ አንድ የማይገባ ነገር ሆነ። ሽኩር፣ ያ ሰላምታ እንኳ በግድ የሚወጣው ሽኩር፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ ቤት ለቤት እየዞረ «ሐላል በሉኝ፣ ያስቀየምኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ» ይል ጀመር። ዙሀራንም እጇን ይዞ ሐላል አስባላት። ዓይኑ እንባ አዝሏል። «ምን ሆነህ ነው?» ብትለው «ምንም፣ ሰው ነኝ» ብሎ ሄደ። ሰዉም ሐጅ ሊሄድ ይሆናል ብሎ መረቀው።

የቀጠሮዋ ቀን ዙሀራ ዶክተሩ ወደሚሠራበት ቤቴል ወዳለው ክሊኒክ ከፈትያ ጋር ገባች። በደንብ ለብሳ፣ ያለ ከዘራ፣ እንደ ሙሽራ። ዶክተር እዮኤል ጠባሳዋን አየ፣ ዳሌዋን አንቀሳቀሰ፣ ደስ አለው።

«ጎበዝ! ክኒኑስ፣ ስንት ቀረዎት?»

«አልቋል» አለች ኮራ ብላ።

«እንዴት ያልቃል?»

«ስድን ለጎረቤት አካፈልኩት።»

ፈትያ «እማዬ!» ብላ ተነሳች። ዶክተሩ ግን አልጮኸባትም። መድኃኒቱን ካቆመች ስንት ቀን እንደሆናት ጠይቆ ደም አስቀዳላት። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ጠጋ አለ።

«እትዬ ዙሀራ፣ ሥጋ ደም ይደርሰዋል፤ መድኃኒቱም በደም ይሄድለታል። ብረቱ ግን ደም የለውም። ጀርሙ ብረቱ ላይ ይለጠፍና ልባስ ሠርቶ ውስጡ ይደበቃል። ላይ ላዩ ሲድን እርስዎ ዳንኩ ይላሉ፤ እሱ ግን እዚያው ተኝቶ ይጠብቃል። እኛ ሐኪሞችም ስድስት ሳምንት ይበቃል፣ የለም ሦስት ወር ነው እያልን ስንከራከር ኖረናል። በኋላ በሽተኞችን በሁለት ቡድን ከፍለው ሲያዩት፣ በስድስት ሳምንት ያቆሙት ላይ ነው አብዝቶ የተመለሰው።»

ዙሀራ የሆነ ነገር ትዝ አላት።

«እንደ ቅቤ ባልዲ ነዋ» አለች።

«እንዴት?»

«የተበላሸ ቅቤ የነበረበት ፕላስቲክ ባልዲ። አንዴ ታጥበዋለህ፣ ያብረቀርቃል፣ ብታሸተውም ምንም የለው። አዲስ ቅቤ ስታደርግበት ግን በሳምንቱ ያንን ያበላሸዋል። በፈላ ውሃ ደጋግሞ ነው እንጂ አንዴ ታጥቦ አይሆንም። እኔ ይሄን ለሰው የማስተምር ሴትዮ!» አለችና ጭኗን በእጇ ያዘች። አሁን ገና ፈራች። ግድግዳው ታያት፣ ማንኪያው ታያት፣ ገላዋን የሚያገላብጡት እጆች ታዩዋት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ቀለም ያልነካው ጥርት ያለ እንባ።

«ዛሬውኑ ይጀምራሉ» አለ ዶክተሩ። «ቀዩ ግን በየፋርማሲው አይገኝም፤ እስኪገኝ ድረስ ያልተነካ ካለ ያስመልሱ። ደግሞ ለሌላ ሰው አይስጡ። ላንዱ ያዳነ ሌላውን ይጎዳል።»

ያስመልሱ! ለማለት ይቀላል። ዙሀራ በሕይወቷ የሰጠችውን መልሳ ጠይቃ አታውቅም። ሰው ምን ይላል? ከታክሲ ወርዳ የሰፈሩ መግቢያ ላይ ቆመች። ፈትያ «እኔ ልጠይቅልሽ?» ብትላት «ያመጣሁትን እፍረት ራሴ ልዋጠው» አለች።

ሽኩር ሱቅ ገባች።

«ሽኩር፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፤ ያ የሰጠሁህ ቀዩ ክኒን ተርፎሃል?»

ሽኩር ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ዙሀራ፣ እኔ እኮ ከዚያ በኋላ ክኒን አላሰብኩም። የምሞት ሰው ነኝ።»

«ምን ሆንክ?»

«ሽንቴ ደም ሆኗል! አንድ ሦስት ቀን እንደዋጥኩ… አየሁት፣ ቀይ። ለማንም አልተናገርኩም። ክኒኑንም ተውኩት፤ ይኸው ቀኔን እጠብቃለሁ።»

ዙሀራ ሳቋ መጣ። ባንኮኒውን ይዛ፣ አዲሱን ዳሌዋን ደግፋ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቀለሙ የክኒኑ መሆኑን ስትነግረው ሽኩር ቁጭ ብሎ ቀረ። «ለዚህ ነው ሰፈሩን ሁሉ ሐላል በሉኝ ስል የከረምኩት? ሚስቴን እንኳ ይቅርታ ጠየቅኩ እኮ!» አለ። «እሱስ ለሚስትህ ይገባታል» አለችው። የተረፉትን እንደታሸጉ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣት።

ኤባ ጋ የሚመለስ አልነበረም፤ ዶሮዋ ግን ድና እንቁላል ጀምራለች። ፅጌ ቤት ስትደርስ ዙሀራ አንገቷን ደፍታ ጀመረች፣ ፅጌ ግን አላስጨረሰቻትም። ከቁም ሳጥኑ ዙሀራ የሰጠቻትን ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ይዛ መጣች።

«አልዋጥሽውም እንዴ?»

«ጥርሴን አስነቀልኩት እኮ። ለመመለስ ደግሞ… ካንቺ እጅ የተቀበሉት ይመለሳል? ትቀየሚያለሽ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ይኸው አደራሽ።»

ዙሀራ አቀፈቻት። መቀበል እንዲህ ደስ እንደሚል አታውቅም ነበር።

ፈትያ ቀሪውን ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞራ ዓለም ባንክ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ካርቶኑ ቴሌቪዥኑ ሥር አልተመለሰም፤ ዙሀራ ትራሷ አጠገብ አደረገችው። ሻርፏ እንደገና ቀላ። የደሙ ውጤት ጥሩ መጣ፣ ደግሞም በሚቀጥለው ጥሩ። ክኒኑ አልቆ የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ዶክተር እዮኤል «ብረትዎ ይሰንብትልዎት» ብሎ እጇን ጨበጣት።

ከማለቁ በፊት ግን፣ ጥቂት ፍሬ ሲቀራት፣ ሽኩር በጠዋት በሯ ላይ መጣ። ሳሉ ተመልሶበታል፣ ዓይኑ ቀልቷል። አፍሮ ነው የቆመው።

«እትዬ ዙሀራ… አንድ ሁለት ፍሬ እንኳ… አሁን ሽንቱን አልፈራውም።»

እጇ የለመደውን ሊያደርግ ወደ ትራሷ ሄደ። ካርቶኑን ነካችው፣ ቆመች። ስልሳ ምናምን ዓመት ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል አፏ ላይ መጣ።

«አልሰጥህም።»

ሽኩር የተመታ መሰለ። እሷም ደነገጠች፤ ቤቷ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ሊወጣ ነው።

«ይሄ የኔ ነው፣ ሽኩር። አይካፈሉትም» አለችና ሻርፏን ከመስቀያው ሳበች። «ጫማህን አስረው፣ ቤቴል እንሄዳለን። ሐኪም ሳልህን ይስማው። ተነስ፣ አንተ ሰውዬ፣ ምን ታየኛለህ?»

ወጡ። እስከ ታክሲ መያዣው ዳገት ነው። ዙሀራ ከፊት ናት፣ ሻርፏ ይውለበለባል፣ ከዘራዋ እቤት በሩ ጀርባ ቀርቷል። ሽኩር በሃያ ዓመት ያንሳታል፤ እያሳለ ከኋላ ይከተላል።

«እትዬ ዙሀራ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! አልደረስኩም!»

ተመልሳ ወረደችና ክንዱን ያዘችው።