ሁለት ፔጆ በአንድ ታርጋ

ናዝሬት መናኸሪያ ውስጥ የዘገዬን ነጭ ፔጆ የማያውቅ መንገደኛ አልነበረም። ግማሹ የሚያውቃት ሊሳፈርባት፣ ግማሹ ደግሞ እንዳይሳፈርባት ነው። ወደ አሰላ የሚቸኩሉ ነጋዴዎች ተራው የእሱ መሆኑን ሲያዩ «ይኼን ስም ያወጡለት አውቀው ነው» ይሉና የሚቀጥለውን መኪና ይጠብቃሉ። እርጉዞች፣ ከሐኪም ቤት የወጡ በሽተኞች፣ እንቁላል በቅርጫት የጫኑ ሴቶች ግን ከሱ ሌላ አይሹም። ዘገዬ በዚህ አይቀየምም። ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጠን ያለ ዝምተኛ ሰው ነበር። ዳገት ላይ ሌላው ሊቀድመው ሲመጣ ወደ ዳር ጠጋ ብሎ ያሳልፋል፤ ቁልቁለት ሲሆን እግሩ ከፍሬን አይርቅም። ሚስቱ ጥሩነሽ፣ «ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ጆሮው ከከበደው አጎቴ ጋር ሲጫወት ብቻ ነው» ትላለች።

በ1971 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ተላላኪ በሩን አንኳኳ።

«ጋሽ ዘገዬ፣ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ይፈለጋሉ። መኪናውንም ይዘው ይምጡ ብለዋል።»

«ለምን ይሆን?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

በዚያ ዘመን «ትፈለጋለህ» የምትለው ቃል ብቻዋን ታስፈራ ነበር። ሽብሩ ጋብ ብሏል ይባል እንጂ፣ ተጠርተው ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች እናቶች ገና ከላቸውን አላወለቁም። ጥሩነሽ ጋቢውን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችለት።

«በዚህ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርግልኛል?»

«አይታወቅም፤ ሊበርድ ይችላል» አለች፣ ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ።

ሁለቱም ጋቢው ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ዘገዬ ጋቢውን አንስቶ ወጣ።

ትራፊክ ጽሕፈት ቤት የጠበቀው መቶ አለቃ ገና ወጣት ነው። ዘገዬን ቁጭ በል ሳይለው ወረቀት እያየ ጠየቀው።

«ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡልቡላ ምን ትሠራ ነበር?»

«ቡልቡላ? እኔ የአሰላ መስመር ነኝ፣ ጓድ መቶ አለቃ። መኪናዬ ቡልቡላን ረግጣ አታውቅም።»

«ገበያ መሀል በከፍተኛ ፍጥነት አልፈሃል። ቁም ስትባልም አልቆምክም። ነጭ ፔጆ ይላል፤ ታርጋው ያንተ ነው።»

ዘገዬ መጀመሪያ ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው። ደጅ የቆሙት ሾፌሮች ይኼን ቢሰሙ መሬት ላይ ይንከባለሉ ነበር። ለፍጥነት ነው እንዴ የጠራችሁኝ ሊል አፉን ሲከፍት መቶ አለቃው ቀና አለ።

«የፍጥነቱ ነገር ቀላል ነው። ቁም ሲባል የማይቆም ሰው ምን ጭኖ ነው የማይቆመው? ጥያቄው እሱ ነው።»

የዘገዬ ሳቅ እዚያው ደረቀ።

ዘገዬ ምስክር እንዳለው ተናገረና ዘሃራን አስጠራ። ዘሃራ ከአሰላ እንቁላል እያመጣች ናዝሬት ገበያ የምትሸጥ፣ ለዓመታት ከሱ ሌላ መኪና ተሳፍራ የማታውቅ ደንበኛው ናት። ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች።

«ቅዳሜ ከሰዓት ከአሰላ ይዞን የመጣው እሱ ነው» አለች። «አንድ እንቁላል እንኳ አልተሰበረብኝም።»

መቶ አለቃው እስክሪብቶውን አነሳ። «ሙሉ ስምሽን ከነአያት ንገሪኝ። ቀበሌሽንም። ነገ ይህ ሰው በሌላ ጉዳይ ቢገኝ አብረሽ ትጠየቂያለሽ፤ እሱን አውቀሽ ተናገሪ።»

ዘሃራ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

«እንዲያው… ቅዳሜ ይሁን ዓርብ ሳስበው ግራ ገባኝ» አለች በመጨረሻ። ስትወጣ ዘገዬን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። እሱም አልተቀየማትም፤ ልጆች አሏት።

መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት። ፔጆዋም ግቢው ውስጥ ቆማ ቀረች። «ክሱን የጻፈው ቡልቡላ ያለው ሃምሳ አለቃ ጉተማ ነው» አለው መቶ አለቃው። «እሱ ካላነሳው እኔ አላነሳውም።»

ቤት ሲደርስ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ጋቢው ክንዱ ላይ እንዳለ መመለሱን ስታይ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ጥፋቱን ተቀበልና ይቅርብን» አለችው። «አጥፍቻለሁ ካልክ ይቀጡህና ያልፋል።»

«ነበርኩ ካልኩ፣ ምን ጭነህ ነበር ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ?»

ዘገዬ በማግስቱ ጠዋት የቡልቡላን መንገድ ያዘ።

አውቶቡሱ ሞጆን አልፎ ወደ ደቡብ ታጥፎ ሲበር፣ ዘገዬ ባዶውን ወለል ፍሬን ይመስል እየረገጠ ሄደ። መቂ ኬላ ላይ ሁሉም ወርዶ ሲፈተሽ፣ ስሙን የያዘ ወረቀት ቀድሞት ደርሶ ይሆን እያለ መታወቂያውን ሰጠ። ፈታሹ አይቶ መለሰለት። ዝዋይ ላይ ሐይቁ በስተግራ ብልጭ አለ፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። እሱ ግን ወደ መንገዱ ነበር የሚያየው። ነጭ መኪና በመጣ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል።

ሃምሳ አለቃ ጉተማን ያገኘው ገበያው ዳር፣ ግራር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። ሙሉ ሰው ነው፤ ጢሙ ሸበት ብሏል። ዘገዬ በኦሮምኛ ሰላም ሲለው ተነስቶ መለሰ፤ የቤተሰቡን ደህንነት፣ የዝናቡን ነገር ጠየቀው። የመጣበትን ሲነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ የሰው ታርጋ እንዲሁ አልጽፍም፣ አባቴ። ዕድሜዬን የፈጀሁት መንገድ ላይ ቆሜ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ እዚህች ቦታ ላይ ቆሜ ነው ያየኋት። አንድ ባለጋሪ ከነፈረሱ ቦይ ውስጥ ሊገባ ነበር። ባፏጭም አልቆመችም።»

«አይተዋል፤ አላዩም አልልም። ምን ዓይነት መኪና ነበረች?»

«ነጭ ፔጆ ናታ። የኋላ መስኮቷ መጋረጃ አለው።»

«የኔ መጋረጃ የላትም።»

«መጋረጃ ይሰቀላል፣ ይወርዳል።»

ዘገዬ ትንሽ አሰበ። «ላይዋ ላይስ? ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶ መጋላ ነበራት?»

ጉተማ ሊመልስ ብሎ ተወው። ዓይኑን ወደ አስፋልቱ ወረወረ፤ ያን ቅዳሜ እንደገና የሚያይ መሰለ።

«አልነበራትም» አለ ቀስ ብሎ። «ጣራዋ ልሙጥ ነበር።»

«የኔ አላት። በብየዳ የተያያዘ ነው፤ ቢፈልጉም አይወርድም። መኪናዋ አሁን ናዝሬት እናንተው ግቢ ቆማለች፤ ሄደው ማየት ይችላሉ።»

ሃምሳ አለቃው ድንጋይ ጎትቶ ጥላው ውስጥ አስቀመጠለት።

«ባለጋሪዎቹ ያቺ መኪና ደጋግማ ታልፋለች ይሉኛል። ይቀመጡ፤ እስቲ አብረን እንጠብቅ። የተሳሳትኩ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ተቀመጡ። ጉተማ ቆሎ ከኪሱ አውጥቶ አካፈለው። ከባድ መኪኖች አለፉ፤ ከሰል የጫኑ አህዮች አለፉ። ጥላው ከእግራቸው ሥር እየሸሸ ሄዶ ድንጋዩን ሁለት ጊዜ አዛወሩት። ዘገዬ መኪናዋ ትመጣ ዘንድ ይመኛል፤ መልሶ ደግሞ ባትመጣስ ይላል። ብትመጣ ውስጧ ያለው ማን እንደሆነ አያውቅም።

ከብቶች መንገዱን ማቋረጥ ሲጀምሩ ነው ከሻሸመኔ በኩል ብቅ ያለችው። ነጭ ናት፤ ጣራዋ ልሙጥ። ቀረብ ስትል ከፊቷ ያለው ቁጥር ጎልቶ ታየ። ለዓመታት በየጠዋቱ በጨርቅ ሲወለውለው የኖረው ቁጥር፣ አንዱም አሐዝ ሳይጎድል፣ በሌላ መኪና ላይ ተለጥፎ ወደሱ ይመጣል። ራሱን ከሩቅ ሲመጣ ያየ መሰለው።

ጉተማ ፊሽካውን አፉ ውስጥ አድርጎ መሀል መንገድ ገባ። ከብቶቹ መንገዱን ዘግተውት ስለነበር መኪናዋ ቆመች። የሾፌሩ መስታወት ትንሽ ወረደ። ጉተማ ጎንበስ ሲል ከውስጥ አንድ እጅ ወጥቶ መታወቂያ የመሰለ ነገር አሳየው። ሃምሳ አለቃው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሰላምታ ሰጠ።

በዚያች ቅጽበት የኋላው መጋረጃ ገለጥ አለ። ዘገዬ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መስሎ አጎነበሰ። ማን እንዳየው አላወቀም። ቀና ሲል መኪናዋ ከብቶቹን አልፋ ወደ ዝዋይ ትሄድ ነበር፤ ያውም በዝግታ።

ጉተማ ተመልሶ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አዩ?» አለው።

«አየሁ።»

«አላዩም። እኔም አላየሁም።»

«እነማን ናቸው?»

«እንኳን እርስዎ፣ እኔም አልጠየቅኩም።»

ዘገዬ ወደሱ ጠጋ አለ። «ታዲያ የኔ ነገር እንዴት ይሆናል?»

«እሱን ነው የማስበው» አለ ጉተማ። «አንድ ታርጋ ሁለት መኪና ላይ አለ ብዬ ብጽፍ፣ ያ ወረቀት ሁለታችንንም ይዞን ይጠፋል። ክሱን እንዳለ ብተወው ደግሞ ዕዳው የእርስዎ ነው።»

ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣና ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጻፍ ጀመረ። እየጻፈ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበለት፤ ቁጥሩን ከርቀት በማየቱ በስህተት መመዝገቡን፣ የተከሰሰው ሰው ጥፋት እንደሌለበት የሚል ነበር። ሲፈርም እስክሪብቶውን ጠበቅ አደረገ።

«ዓይኑ ደከመ ይሉኛል። ይበሉ።»

«ሃምሳ አለቃ፣ እግዜር…»

«ተዉት። አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎ። ናዝሬት ሲደርሱ ከዚህች ወረቀት ላይ አንድ ቃል አይጨምሩ። ጉተማ ተሳስቷል፤ በቃ።»

በማግስቱ መቶ አለቃው ወረቀቱን አንብቦ ፈገግ አለ። «ጉተማ አርጅቷል ማለት ነው» አለ ለጓደኛው፤ ሁለቱም ሳቁ። ዘገዬ እዚያው ቆሞ ነበር። የለም፣ ያ ሰው ዓይኑ ደህና ነው የሚል ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ዋጠው። ከሆነበት ሁሉ እንደዚያች ቅጽበት የመረረችው አልነበረችም። መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ፣ ባትሪዋ የደከመውን ፔጆ በሰው አስገፍቶ ወጣ። ከወር በኋላ አንድ ሾፌር፣ ጉተማ ከመንገድ ተነስቶ ዝዋይ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ መደረጉን አወራለት። ዘገዬ ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ክሱ ተነሳ፤ ቁጥሩ ግን እዚያው ነበር፤ በሱም መኪና ላይ፣ በዚያችም።

«ታርጋውን ለምን አታስለውጠውም?» አለችው ጥሩነሽ።

«ለምን ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

«መኪናዋን ሽጣት እንግዲህ።»

«የሚገዛት ሰው ምን በድሎኝ?»

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ፔጆዋን ቤቱ ግቢ ውስጥ ማሳደር ተወ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ቀበሌው በር ላይ ያቆምና ዘበኛውን ይጠራዋል።

«ኑሬ፣ መኪናዬ እዚህ ናት።»

«አያታለሁ፣ ጋሽ ዘገዬ።»

«እስከ ጠዋት አትነቃነቅም።»

«እሺ፣ አትነቃነቅም።»

መንገድ ላይም እንዲሁ ሆነ። ሰው ሳያናግር ቀኑን የሚውል የነበረው ዘገዬ በየኬላው እየወረደ ፈታሾቹን በስማቸው ይጠራል፤ የልጆቻቸውን ትምህርት ይጠይቃል። ኢተያ ሻይ ቤት ገብቶ ስንት ሰዓት ሆነ ሲል ጮክ ብሎ ይጠይቃል። ተሳፋሪዎቹ፣ ድሮም ቀስ የሚል፣ አሁን ደግሞ ጨዋታ ወደደ ብለው ያጉረመርማሉ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ጋሽ ዘገዬ በስተርጅና ሰው ወዳድ ሆነ ተባለ። ይህን ሲነግሯት ጥሩነሽ «እንዲያ ነው» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ዴራ ኬላ ያለ አንድ ወጣት ፈታሽ ገመዱን ይዞ እንዲህ አለው።

«ዛሬ ሁለተኛዎ ነው እንዴ? ጠዋት ሲያልፉ ያየሁዎት መስሎኝ።»

ዘገዬ ሞተሩን አጠፋ። ከመኪናው ወርዶ ወደ ልጁ ጠጋ አለ።

«ዛሬ ገና አሁን መምጣቴ ነው፣ ልጄ። እስቲ በደንብ እየኝ። መኪናዋንም እያት፤ ላይዋ ላይ ያለውን ብረት አየኸው?»

«አየሁት። ምነው? ምን ሆኑ?»

«ምንም። እንድታውቀን ብዬ ነው።»

ከኋላ ተሳፋሪዎቹ እንሂድ እንጂ እያሉ ነበር። ዘገዬ ግን ልጁ ጣራዋን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ገመዱን እስኪለቅለት ድረስ መሪው ላይ አልተመለሰም።