በሰፊው ቴሌቪዥን ያየናት ልጅ

ትልቋ ልጄ ቤሩት ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ታናሿ የአሥረኛ ክፍል ፈተና አልሆንላት ብሎ ቤት ተቀምጣለች። የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም እሷም ትሂድ ብሎ ያዘኝ። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ በልጆቼ ጉዳይ የእሱ ቃል ከእኔ ቃል ይቀድም ነበር፤ ማን እንደሰጠው አላውቅም፤ እኔ ግን አልሰጠሁትም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ። የራሱ ሴት ልጅ ከታናሿ ልጄ ጋር እኩያ ነበረች። እሷም ትሂድ ሲል አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

የእኔ መልስ አንድ ነበር። "ጋሼ፣ የትልቋን ሁኔታ በዓይኔ ሳላይ ሁለተኛዋን አልሰጥም።" ልጄ በስልክ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ እማዬ" ትለኛለች። በስልክ ደህና ያልሆነ ሰው የለም።

"እንግዲያው ምስሏን ትላክ፤ አይተሽ ቃልሽን ትሰጪያለሽ" አለኝ። ተስማማሁ።

ዲስኩን ያመጣችልን ከቤሩት የተመለሰች የጎረቤታችን ወረዳ የፃግብጂ ሴት ናት። ልጄን የቀረጸቻት እዚያው ቤሩት ያለች፣ ትንሽ ካሜራ ያላት የገዛ ጓደኛዋ ነበረች። እኔ ቴሌቪዥን አልነበረኝም። እሱ ግን በዚያው ሰሞን ከወልድያ በአይሱዙ አስጭኖ አዲስ አስመጥቷል። እስከዚያ ድረስ ሰቆጣ ውስጥ የምናውቀው ከኋላው እንደ ጆንያ ያበጠውን ነበር። ይኼኛው ስስ ነው፤ ወደ ጎንም ተዘርግቷል። "ሰፊው" ይለዋል፤ ዳንቴል አልብሶታል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እሱ ቤት ተሰበሰብን። ከውጭ የሰው ምስል ሲመጣ እንደ አራስ ጥየቃ ነው፤ ባዶ እጅ አይገባም። ጎረቤቶች ዳቦ ይዘው መጡ።

ዲስኩ ሲገባ ምስሉ መሀል ላይ ቆመ፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ነበር። ልጄን በዚያ መሀል ለአፍታ አየኋት።

"ምንድነው ይሄ ጥቁር?" አለ። "ከወልድያ ድረስ ያስጫንኩት እንዲህ ግራ ቀኙ ሊጨልምብኝ ነው?" ሪሞቱን ከዳንቴሉ ሥር አውጥቶ ደጋግሞ ተጫነው። ምስሉ ወደ ሁለቱም ጎን ተለጠጠና ጥቁሩን ሸፈነ። ቀጥሎ ቀለሙን ጨመረ። ቀለም ሲበዛ ይወዳል፤ እሱ ቤት ዜና የሚያነበው ሰው እንኳ ጉንጩ ቲማቲም ነው።

"እሰይ፣ አሁን ሰው መሰለች!"

ልጄ አጭር እጅጌ ለብሳ ግድግዳ ሥር ቆማ ትናገራለች። ሥራው ደህና ነው፣ ሰዎቹ ደህና ናቸው፣ እገሌን ሰላም በሉልኝ። ያዳመጣት አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው ጉንጯን ነው።

"ኧረ ሙክት መስላለች!" አለች ጎረቤቴ።

"አንገቷስ የት ገባ? ሥጋ ዋጠው እኮ!"

"እኛ እዚህ ቆሎ እንቆረጥማለን፣ እሷን ዶሮ ሰልችቷታል።"

እኔ ከልጄ ኋላ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት አያለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ክብ መሆን ያለበት ነገር ክብ ካልሆነ ዓይኔን ይቆረቁረኛል።

"ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ እንቁላል መስሏል" አልኩ።

"የዓረብ ሰዓት ነዋ! አንቺ ከትምህርት ቤቱ ደወል በቀር ምን ሰዓት ታውቂያለሽ፣ አስተማሪዋ?"

ሳቁብኝ። አንዷ የማልሰማ መስሏት በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ "ልጇ ስለወፈረች ቀናች" አለች፤ እንደገና ሳቁ። እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ። ያን ቀን ስለ ምስሉ ያልኩት ነገር ቢኖር ያቺው የሰዓቷ ነገር ናት።

"በዓይንሽ አየሽ" አለኝ ምስሉ ሲያልቅ። "ቃልሽስ?"

ታናሿ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። መሄድ ትፈልግ ነበር፤ ይህን አልክድም። "ትሂድ" አልኩ። እልልታው ከእኔ ቃል ቀድሞ የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

ታናሿ ፓስፖርቷን አውጥታ አዲስ አበባ፣ እሱ የሚያውቀው ደላላ ቤት ከገባች በኋላ ቤቱ ጭር አለብኝ። የትልቋን ፊት አሳትሜ ግድግዳዬ ላይ ልሰቅል ዲስኩን ይዤ ከገበያው በላይ ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ሱቅ ሄድኩ። አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው፤ አሁን የልጆች አባት ሆኗል። ዲስኩን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከቶ ትንሽ አየና ወደ እኔ ዞረ።

"ቲቸር፣ ልጅዎን አሟት ነበር እንዴ?"

"ኧረ! ወፍራለች እኮ።"

"የቷ ጋ?"

ቀረብኩ። ሰዓቱ ክብ ነበር። ከሥሩ የቆመችው ልጄ የአንገት አጥንቷ ወጥቷል፤ ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ፊቷ አመድ መስሏል። በሰፊው ቴሌቪዥን ምን እንዳየን ነገርኩት።

"ይህ የተቀረጸው ወርዱ አራት ቁመቱ ሦስት፣ አራት በሦስት ነው" አለኝ። "የዚያ ቴሌቪዥን መስኮት አሥራ ስድስት በዘጠኝ ነው። ጥቁሩን ትተው ቢያዩት ልክ ነበር። እንዲሞላ ሲያደርጉት ለጠጧት። ቀለሙም ከሪሞቱ የመጣ ነው፣ ከእሷ አይደለም።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። አራት በሦስት ማለት አሥራ ሁለት በዘጠኝ ማለት ነው። አሥራ ስድስት ለማድረግ እዚያ ላይ አራት ጨመሩ። የልጄ ፊት በሲሶ ሰፋ፤ በዚያች ሲሶ ታናሿን ሰጠሁ።

ክንዷ ላይ ጥቁር ነገር አየሁና አጉላልኝ አልኩት። አጎላው። ክንዷ ፈርሶ የአራት ማዕዘን ክምር ሆነ።

"ምስል የነጥብ ድርድር ነው፣ ቲቸር። ሳጎላው ነጥቡ ይተልቃል እንጂ አይበዛም። ዲስክ ላይ ሲጨመቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጣለው ደቃቁ ነገር ነው።"

"ቃጠሎ ነው ወይስ አምባር?"

"አላውቅም። ከዚህ በላይ ውስጡ የለም።"

በቀጥታ ወደ ባለቤቴ ወንድም ሄድኩ። ደላላው የሚሰማው እሱን ነው፤ አንዴ ቢደውል ልጄ ትቀር ነበር። ያየሁትን ነገርኩት።

"ይቺን የምታህል የኮምፒውተር መስኮት አምነሽ የእኔን ሰፊ ቴሌቪዥን ውሸታም ልታደርጊው ነው?" አለ። "ትልቁ ላይ የታየ ይበልጣል። ሕፃን ያውቀዋል።"

"ትልቅ ስለሆነ አይደለም ጋሼ፣ ስለተለጠጠ ነው።"

"አንቺ ልጅ ሲያልፍለት አትወጂም።"

ቴሌ ሄጄ ደላላው ቤት ራሴ ደወልኩ። ታናሿ መጣች።

"እህትሽ አጥንቷ ወጥቷል። ተመለሽ።"

"እማዬ፣ አብረን አይተናት የለም እንዴ?"

"ቴሌቪዥኑ ነው የለጠጣት! ሲሶ ነው የጨመረባት፣ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ!"

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷ ሳቀች። "ስትናፍቂ ደግሞ የማታመጪው የለም። ነገ እኮ ነው የምበረው፣ እማ። ጸልዪልኝ።"

በረረች። ለዓመት ያህል ትደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኳ ጠፋ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ታናሿ ከበረረች በሦስተኛው ዓመት ትልቋ ተመለሰች። ሰው ሁሉ ሊጠይቅ መጣ፤ እሱም መጣ። አያትና "መንገዱ ነው ያከሳት፤ በምስሉ እኮ ደህና ነበረች" አለ። ማንም አልሳቀም። እሷ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች።

"አይታችሁኝ ነበር?"

"አይተንሻል።"

"ስቀረጽ በአፌ እንዳልናገር አሠሪዎቼ አጠገቤ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ብታዩኝ ይገባችኋል፣ እህቴንም አትልኩም ብዬ እኮ ነው አጭር እጅጌ ለብሼ የቆምኩት። እሷን ማን ሂጂ አላት?"

እሱ ጠላውን እንደያዘ ወለሉን ያያል። ሰፊውን የሞላው፣ ቀለሙን የጨመረው፣ አንድ ስልክ የነፈገኝ እሱ ነው። እንዲናገር ጠበቅኩት።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። ልጄም ተነሥታ እስከ ደጅ ሸኘችው። ታላቅ አይደል፣ ደንቡ ነው።