ትርፍ ዕቃ የማያስቀምጠው ተከራያችን

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ቴፒ ወርጄ ከመናኸሪያው ጀርባ ሳልፍ፣ በበርሜል የሚቀቀል የእርድ ቅመም ሽታ አፍንጫዬን መታው። እርጥብ አፈር አፈር የሚል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። መምህር ሱሬሽ ምግቡን ሲሠራ ግቢያችን እንዲህ ይሸት ነበር። በልጅነቴ እንደማደርገው፣ ዛሬም ጥሎን ሄዶ ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

መምህር ሱሬሽ ከህንድ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ተከራያችን ነበር። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ነበሩት። ዕቃ የሌለውን ሰው ምን ያቆየዋል? አባቴ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ ጥሎኝ የሚሄድ ይመስለኝ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ በመስኮቱ አጮልቄ መኖሩን አይ ነበር።

በቡና ለቀማው ወራት፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ መምህር ሱሬሽን ትኩሳት ሲይዘው፣ እናቴ አዲስ ጋቢ ገዝታ ሰጠችው። በማግስቱ ብርድ ልብሱን ጋሽ በቀለ ትከሻ ላይ አየነው። ጋሽ በቀለ ከሸኮ ለለቀማ መጥተው ጓሯችን የሚያድሩ ሠራተኛ ነበሩ።

እናቴ ተቆጣች። "ስጦታዬ ከበደህ እንዴ?"

"አይደለም እማማ" አለ በተሰባበረ አማርኛው። "በሃይማኖቴ ቃል ገብቻለሁ። አዲስ ሲገባ፣ አሮጌ ይወጣል። ብዙ ዕቃ... ሰውን ያስራል።"

"የኛም መነኮሳት ዓለምን ይንቃሉ። አንተ ግን መነኩሴ አይደለህም!"

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብም ከአጥሩ ማዶ፣ "እኛም ዘካ እናወጣለን፤ የለበሱትን ገፎ መስጠት ግን ሌላ ነው" አሉ።

ያን ቀን እናቴ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ትገባለች፣ ትወጣለች። ከበሩ ጀርባ የአባቴ የዝናብ ካፖርት ተሰቅሏል፤ ሻጋታውን እየጠረገች መልሳ ከመስቀል በቀር ለማንም አታስነካውም ነበር። ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ካፖርቱን ይዛ ወጣችና ጋሽ በቀለን አለበሰቻቸው።

"የአባዬ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

መምህር ሱሬሽ ደንግጦ ከክፍሉ ወጣ። "እማማ፣ እኔ ቃል የገባሁት ለራሴ ነው። ልጅቷ እያለቀሰች ነው፤ ይመለስ።"

"ሰውየው ዝናብ ላይ ነው የሚውሉት" አለች እናቴ። "እዚህ ማን እየለበሰው ነው?"

ጋሽ በቀለ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ "ላውልቀው ልጄ?" አሉኝ።

"አይ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

የማስተማር ውሉ ሲያልቅ መምህር ሱሬሽን መናኸሪያ ሸኘነው። ድስቱንም መጻሕፍቱንም ሰጥቶ ጨርሷል። በዚያ ሙቀት ግን ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ላብ አጥምቆታል።

"ይሄንንስ ለማን ልትሰጠው ነው?" አለችው እናቴ።

"ይሄን አልሰጥም" አለና እንዳጠፋ ልጅ አቀረቀረ። እናቴ ሳቀች፤ ወዲያው አቅፋው አለቀሰች።

አሁን ሚዛን አማን የራሴ ቤት አለኝ፣ በዕቃ የተሞላ። ከቁም ሳጥኔ አንድ ልብስ አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ፤ እናቴ የሰጠችውንና እሱ መስጠት ያቃተውን እያሰብኩ። ትናንት ልጄ ያደገበትን የሕፃን አልጋ ለጎረቤት ሰጠሁ። ከዚያም ክፍሉ ውስጥ፣ አልጋው በነበረበት ቦታ፣ ስመላለስ ዋልኩ።