ለሦስት የተቆረጠው ምርኩዝ

የስፖርት አስተማሪው በምርኩዝ ዝላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሸንፎ አያውቅም። ተወዳድሮትም የሚያውቅ ሰው የለም። ረጅም ምርኩዝ ይዞ ሮጦ፣ ከፍ ብሎ የተጋደመ ዘንግ ተሻግሮ ፍራሽ ላይ የሚወድቅ ሰው በአገሩ ከእሱ በቀር ስላልተገኘ፣ በየዓመቱ ውድድሩ ሲደረግ አንደኛ እሱ ነው። የሁለተኛና የሦስተኛ መቆሚያዎች ባዶአቸውን ይቀራሉ። አንድ ዓመት የፌዴሬሽኑ ሊቀመንበር ባዶዎቹ መቆሚያዎች ፎቶግራፉን አበላሹት ብለው የሚስታቸውን ወንድምና የስታዲየሙን ዘበኛ አቆሙባቸው። ዘበኛው የነሐስ ሜዳሊያውን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

የሰፈሩ ሰው አስተማሪውን «ምርኩዝ» ይለዋል። እውነተኛው ምርኩዝ፣ አንድ የውጭ ቡድን ጥሎት የሄደ ቢጫ ዘንግ፣ ከቤቱ ይረዝማል። አንዱን ጫፍ አልጋ ሥር አስገብቶ ሌላውን በመስኮት ወደ ግቢ አውጥቶት ነው የሚያኖረው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከቤት ውስጥ ባለው ጎን የደንበኞቿን ቀሚሶች፣ ግቢ ባለው ጎን የታጠበ ልብስ ትሰቅልበታለች። ልምምድ ባለው ቀን ቀሚሶቹ ወርደው አልጋው ላይ ይከመራሉ፣ እሱም ምርኩዙን በትከሻው ይዞ በእግሩ ይሄዳል፤ የሚጭነው መኪና የለማ። መንገድ ላይ ቧንቧ ሠሪ መስሏቸው የሚያስቆሙት ሴቶች ብዙ ናቸው። ሁለት ጊዜ እፍረት ይዞት ገብቶ የሚያፈስ ቧንቧ አጥብቋል።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ደግሞ ሥራውን አንድ ቀን እንኳ እንደ ሥራ አይተውት አያውቁም። «ልጄ፣ ለመውደቅ ከሆነ ይህን ሁሉ መሮጥ ምን አመጣው?» ይሉታል። «ከአልጋም ይወደቃል እኮ።»

እሱ ይስቃል፤ እያረሩ መሳቅ የለመደው ነው። ብቻውን ሲሆን ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል። የሚዘለው ሦስት ሜትር ተኩል ነው። በሌላ አገር ስድስት ሜትር የሚያልፉ እንዳሉ ያውቃል፤ እነሱ አሠልጣኝ አላቸው፣ እነሱ የሚወድቁበት ፍራሽ ፍራሽ ነው እያለ ራሱን ያጽናናል። ዋርካ በሌለበት እምቧጮ ዋርካ ይሆናል የሚባለው ተረት ሲነሳ ግን ወሬ ይቀይራል። «ዘላይ ነኝ ወይስ ዘላይ ጠፍቶ ነው?» የሚለው ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሆዱ አልወጣም። መልሱን ማወቅ ይፈልጋል፤ የሚፈራውም እሱኑ ነው።

ከውጭ አገር የውድድር ግብዣ የመጣው እንዲህ እያለ ነው። አንድ ስፖርተኛና ሁለት ሸኚ ይምጡ ይላል። ሊቀመንበሩ ራሳቸውን በቡድን መሪነት፣ የሚስታቸውን ወንድም በቴክኒክ አማካሪነት መደቡ። አማካሪው ስለ ስፖርቱ የሚያውቀው ቢኖር በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ሁለተኛ መውጣቱን ነው።

የአየር መንገዱ ቢሮ ግን ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ዕቃ በዚያ አውሮፕላን እንደማይጫን አስታወቀ። ፌዴሬሽኑ ተሰበሰበ። አንዱ ምርኩዙ በመርከብ ቀድሞ ይሂድ አለ፤ በመርከብ ሲደርስ ውድድሩ ካለቀ ወራት እንደሚያልፉ ሲነገረው ሐሳቡን ሳይተው ዝም አለ። ሌላው አስተማሪው በአጭር ምርኩዝ መልመድ አይችልም ወይ ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ።

«ቧንቧ ተቆርጦ ይገጠማል» አሉ። «ተገጥሞም ውሃ ያሳልፋል። ይሄ ውሃ አሳልፍ ያለው የለም። ለሦስት ይቆረጥና እዚያ ሲደርስ ይገጠም።»

አማካሪው ነገሩን ቀደም ብሎ ሲያጠናው መቆየቱን ተናገረ። ጉባኤው አጨበጨበ።

አስተማሪው አፉን ከፈተ። ምርኩዝ የሚሠራው በመታጠፉ ነው፤ እንደ ቀስት ይለመጥና ሰውን ወደ ላይ ይወረውራል። ተቆርጦ በብረት የተገጠመ ምርኩዝ ወይ አይታጠፍም ወይ ይሰበራል። ይህን ሊናገር ከንፈሩን ካላቀቀ በኋላ ሌላ ሐሳብ መጣበት። በተቆረጠ ምርኩዝ ማንም መዝለል አይችልም። ያልዘለለ ሰው ደግሞ መጨረሻ አይወጣም። ሄዶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ «መሣሪያዬ ተበላሸ» ብሎ፣ እንዳልተሸነፈ ይመለሳል። አፉን ዘጋ። ሊቀመንበሩ አንተስ ምን ትላለህ ሲሉት፣ «እርስዎ እንዳሉ» አለ።

የሰፈሩ ቧንቧ ሠሪ ሥራውን በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ቆርጦ፣ የብረት ማጋጠሚያ በማጣበቂያ አስገብቶ፣ ገጥሞ አሳየ፤ ልማድ ሆኖበት ጫፉን በአፉ ነፋ ነፋ አድርጎ «ንክች አይልም» አለ።

ሚስቱ ምርኩዙ በለቀቀው መስኮት በኩል እያየች ነበር። «አንተ ሰው፣ ይታጠፋል አላልከኝም እንዴ?» አለችው። «ብረት ገብቶበት በምን ይታጠፋል?»

ባለሙያዎች አስበውበት ነው አላት። እሷም ከመጋረጃ በተረፈ ጨርቅ ለሦስቱ ቁራጭ ሦስት ኪስ ያለው ከረጢት ሰፋችለት። ቀሚሶቹን የምትሰቅልበት ገመድ ወጠረች።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አማካሪው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየገፋ መጣ። ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ ሲመለሱ የሚሞሉ። ዕቃ የምትመዝነው ሴት ከረጢቱ ምን እንደያዘ ስትጠይቅ፣ አማካሪው ነገር ለማሳጠር ብሎ «ቧንቧ ነው» አላት። ቧንቧ በጭነት ክፍል በኩል እንጂ በመንገደኛ እጅ አይሄድም አለች። እንግዲያው የስፖርት ዕቃ ነው አለ። የስፖርት ዕቃ ከሆነ በነፃ ያልፋል፣ የምን ስፖርት ነው አለች። አማካሪው ዞሮ አስተማሪውን አየ። አስተማሪው አስረዳ። ሴትየዋ ሦስቱን ቁራጭ አንድ በአንድ አውጥታ አየች፣ ከዚያ እሱን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው።

«በዚህ ነው የምትዘለው?»

«ሲገጠም» አላት።

«እግዚአብሔር ይርዳህ» ብላ ምልክቱን ለጠፈችበት። ቀልድ አልነበረም፤ ከልቧ ነው።

ፍተሻው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። አንዱ ጠባቂ የቁራጩን አንድ ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ጫፍ ይዘው በቀዳዳው ተያዩ። ምንም የለም ተባባሉ፣ ግን ምንም አለመኖሩ ራሱ አጠራጠራቸውና አለቃ ተጠራ። አለቃውም አየ። ሊቀመንበሩ በበኩላቸው የልዑካን ቡድን መሪ መሆናቸውን ለሰልፉ ሁሉ ሲያስረዱ ቆዩና፣ ቀበቷቸውን ፈተው በካልሲ አለፉ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ አስተማሪው ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። ያለ ምርኩዝ ይህን ያህል ከፍ ሲል የመጀመሪያው ነው። የመውረዱ ነገር ግን አላስጨነቀውም፤ የሚያውቀው ሥራ ነው። ልቡ ቀሎት ነበር፤ የቀለለውም ስለማይዘል ነው። ይህ ትንሽ አሳፈረው፣ ምግብ ሲመጣ ረሳው።

እዚያ ደርሰው ዕቃ በሚዞርበት ላስቲክ አጠገብ ቆሙ። ሁለቱ ባዶ ሻንጣዎች ቀድመው መጡ። ከረጢቱ ቆይቶ ተቀዶ መጣ፤ አንደኛው ቁራጭ አለ፣ ሦስተኛው አለ፣ መካከለኛው የለም። ወደ ሌላ ከተማ መሄዱ በኋላ ታወቀ። ሊቀመንበሩ ተቆጡ፤ አማካሪው ጫፍና ጫፉ ቢገጠም አይበቃም ወይ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አስተማሪው ፊቱን አጨፍግጎ ራሱን ነቀነቀ፤ ሆዱ ግን በደስታ እስክስታ ሊወርድ ምንም አልቀረው።

የፈሩት ይደርሳል። ሜዳው ላይ ሁለቱን ቁራጭ ታቅፎ ለዳኛው ችግሩን ሲያሳይ፣ አንድ ረጅም የሌላ አገር ልጅ ሰምቶ መጣ። ቁራጮቹን ተቀብሎ የብረት ማጋጠሚያውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ሐዘን ቤት የገባ ሰው ይመስል አንገቱን ደፍቶ መለሰለት። ከዚያ አስተማሪውን በዓይኑ መዘነና ከራሱ ምርኩዞች ለክብደቱ የሚስማማውን መርጦ እጁ ላይ አኖረለት። ማምለጫ አልቀረም። ሊቀመንበሩ ከመቀመጫቸው ሆነው አጨበጨቡ።

ውድድሩ የሚጀምረው አራት ሜትር ተኩል ላይ ነው። አስተማሪው በዕድሜው ከዘለለው አንድ ሜትር ይበልጣል። ስሙ ሲጠራ እጁን ወደ ጎን ወርወር አደረገና አለፈው። በዚህ ስፖርት የፈለጉትን ከፍታ ሳይዘሉ ማለፍ ይፈቀዳል፤ ትልልቆቹ ዘላዮች ጉልበታቸውን ለላይኛው ለማቆየት የሚያደርጉት ነው። ዘንጉ ከፍ አለ፤ አለፈ። አሁንም ከፍ አለ፤ አለፈ። ሌሎቹ ዘለሉ፣ ጣሉ፣ እያነከሱ ወጡ። እሱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቁጭ ብሏል። ተመልካቹ ይጠቋቆም ጀመር። አንድ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ወደ እሱ አዞረ። ረጅሙ ልጅ ራሱ ተሸንፎ ሲወጣ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲዘል ሳላይ አልሄድም ብሎ አጠገቡ ተቀምጦ ውሃ ያቀብለው ነበር።

አስተማሪው ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ሊቀመንበሩ ስልክ ይዘው ቆመዋል፤ ከመጨረሻዎቹ አንዱ የእኛ ነው እያሉ ወደ አገር ቤት ያስተላልፋሉ።

በኋላ ከእሱ ሌላ የቀረው አንድ ሻምፒዮን ብቻ ሆነ። እሱም አምስት ሜትር ከሰባ ላይ ሦስት ጊዜ ጣለ። ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ስላልቀረ ማለፍ የለም። ዳኛው አስተማሪውን ጠርተው፣ ይህንን ከዘለልክ አንደኛ ነህ አሉት። ስታዲየሙ ብድግ አለ።

አስተማሪው በሚችላት ትንሽ የውጭ ቋንቋ፣ ሦስት ሜትር ተኩል ላይ ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ዳኛው ሳቁ፤ እንዲህ ባለ ሰዓት የሚቀልድ ሰው ወደዱ። ከዚያ ፊቱን ሲያዩ ሳቃቸውን ቆረጡት። ዘንጉ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይመለስም አሉት።

በመጀመሪያው ሙከራ ሮጦ ሮጦ ምርኩዙን ሳይተክል ፍራሹ አጠገብ ቆመ። በሁለተኛው ተከለና ምርኩዙ ወደ መጣበት መልሶ ጣለው። ሳቅ ተሰማ፤ መጀመሪያ ከጥግ፣ ከዚያ ከሁሉም። ረጅሙ ልጅ ብቻ አልሳቀም። መጥቶ ምርኩዙ ላይ የእጆቹን ቦታ አንድ ስንዝር ዝቅ አደረገለትና ወደ ላይ እንጂ ወደ ፊት አትይ ብሎ በጣቱ አሳየው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ዝላይ አንድ ነገር ያሳየው ሰው ይህ ልጅ ነው።

በሦስተኛው ሮጠ። ተከለ። ምርኩዙ ተለመጠ፣ እግሮቹ ከራሱ በላይ ሲወጡ አያቸው። ዘንጉ ከሁሉ በላይ በጣም ሩቅ ሆኖ ታየው፣ ከዚያም አጎንብሶለት እንዳለፈ ሁሉ በሥሩ ዞሮ በጀርባው ወደቀ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ፍራሽ ላይ ወድቆ አያውቅምና ለመነሳት ቸኮለ ማለት አይቻልም። ቀይ ባንዲራ ተነሳ። ሕዝቡ መውጫውን ይፈልግ ጀመር።

ረጅሙ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ቋሚው ላይ ከፍ ብሎ የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ አሳየው፣ ከዚያ ወገቡን ያዘ፤ ወገብህ እስከዚህ ወጥቷል ማለቱ ነው። አራት ጣቱን አነሳ። አራት ሜትር።

አስተማሪው ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ። ሊቀመንበሩ በሽንፈቱ መስሏቸው አንገቱን አቅፈው አጽናኑት።

አገር ቤት ግን ሽንፈት የሚባል ነገር አልደረሰም። «ከተወዳዳሪዎች ሁሉ በመጨረሻ ሜዳውን የለቀቀው የእኛ ስፖርተኛ ነው» የሚለው የሊቀመንበሩ ሪፖርት በሬዲዮ ተነበበ፤ አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። አበባ ይዘው ጠበቁት። የጠፋው መካከለኛ ቁራጭ ዘግይቶ ሲመጣ በፌዴሬሽኑ ቢሮ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ገባ። አማካሪው ሻንጣዎቹን ብቻውን ማንሳት አቅቶት ሦስት ሰው አገዘው።

በመኪና ሲሄዱ አስተማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር እኔ የዘለልኩት አራት ሜትር ነው» አላቸው።

ሊቀመንበሩ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። ትሕትናው ደስ እንደሚላቸው፣ ከልክ ሲያልፍ ግን አገር እንደሚጎዳ ነገሩት።

ቤቱ የሰፈሩ ሰው ሞልቶበት ቆየው። እንኳን ደስ ያለህ የሚለው ሁሉ ትከሻውን መትቶ ሄደ፤ አማቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ በል ብለው የራሳቸውን ወንበር ለቀቁለት። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀ። ሚስቱ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ የቆየ የደንበኛ ቀሚስ ትቀመቅማለች። አጠገቧ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ነገራት፤ ማለፉን፣ ዳኛውን መለመኑን፣ መሳቃቸውን። «በመጨረሻው ግን አራት ሜትር ዘለልኩ» አላት። «ዘንግ አልነበረበትም እንጂ ዘልያለሁ። እኔ ዘላይ ነኝ።»

ማሽኑን አቆመች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ፊቱን አየችው፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔማ ሁሌም አውቃለሁ።» ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አደራህን፣ ይቺን አራት ለማንም እንዳትናገር። እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ ስድስት ብላለች።»