ነርቭ መሰል

አብረን ያደረግነው የመጨረሻው ተራ ነገር ዓሣ መብላት ነበር። ጣና ዳር ከሚጠብሱት ሴቶች ዘንድ ተቀምጠን፣ አጥንቱን እየለቀምሁ አጎረስሁት። እጁ መነሣት ትቶ ነበር።

"ጉርሻውን አሳንሽው እንጂ፤ ሙሽሮች ናቸው ይሉናል" አለኝ። አንደበቱ መጎተት ስለጀመረ ከእኔ በቀር የሰማው የለም።

ባሌ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሥነ ሕይወት መምህር ነበር። የያዘው ሕመም ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ቀስ እያለ የሚገድል ነው፤ ፈውስ የለውም። እሱ ደግሞ ከመታመሙም በፊት ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደክመው፣ ከአይጥ መቅኔ የወጡ፣ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልለየላቸውን ሕዋሳት ወደ ነርቭ ለመለወጥ ነበር።

ሰፈር የደረሰው "መቅኔ" የሚለው ቃል ብቻ ነው። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት ባልቴት ቅልጥም ቀቅለው መጡ።

"ምጠጥ ልጄ፤ መቅኔን የሚተካ መቅኔ ነው።"

"እማማ፣ የአይጥ እያየሁ የበሬ እየበላሁ፣ መጨረሻዬ ምን ሊሆን ነው?"

"በሬ ሁን ግዴለህም፤ አይጥ አትሁን እንጂ!"

ገና በእግሩ ሳለ አንድ ቀን ቤተ ሙከራው ወስዶ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ። ፈሳሽ ከተጨመረባቸው በኋላ፣ ጠፍጣፋ የነበሩት ሕዋሳት ክብ ሆነው፣ ቀጫጭን ክንድ ዘርግተው፣ አንዱ ሌላውን ሊነካ ሲቃጣ አየሁ።

"ነርቭ ሆኑ!" አልሁ።

"ነርቭ መሰል" አለኝ።

እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። "መሰል" ምን ማለት እንደሆነ ለልጆች የማስረዳ ሰው፣ ያን ቀን ቃሉን አልሰማሁትም። በማግስቱ አቦ ሄጄ ጧፍ አበራሁ። ፈውሱ ለእሱ ይደርሳል ብዬ ነበር።

አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ተማሪዎቹ እነዚያኑ ሕዋሳት በየደቂቃው ያነሡትን ፎቶ አመጡለት። በተርታ አይቶ ሲጨርስ ጠራኝ።

"እይ፤ ክንድ አልዘረጉም። ፈሳሹ ሲጎዳቸው ተኮማተሩ። ክንድ የመሰለን፣ ሲሰበሰቡ ከተጣበቁበት ሳህን ያልለቀቀላቸው ጫፍ ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ፣ መሰሉ እንጂ አልሆኑም።"

ከብርድ ልብሱ የወጣ ክንዱን አየሁ። አጥንት ብቻ ነበር። መልሼ ሸፈንሁት።

ሐይቁ ዳር ውሰጂኝ ያለኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ ዓሣ በኋላ መዋጥ እምቢ አለው፤ ትንፋሹም ተከተለ።

ለቅሶው ላይ ባልቴቲቱ "ቅልጥሙን ቀደም ብዬ ባመጣለት!" እያሉ ደረታቸውን መቱ። ሰዎች ዝም ሊያሰኟቸው ሞከሩ። እኔ አልሞከርሁም። ከእሳቸው በምን እሻላለሁ? እሳቸው በቅልጥም፣ እኔ በመሰል ነበር ተስፋ ያደረግነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት አስተምራለሁ። ከሰዓት ቤቴ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ወደ ሐይቁ አልሄድም።