ሦስት መቶ እግር ባሕር ዛፍ

ነጋዴው ከድሮ በሕይወቱ ሁለት ትልልቅ ውሸቶች ዋሽቷል። ነጋዴ ሆኖ ሁለት ብቻ? የሚል ሰው አይጠፋም፤ ትንንሾቹን አልቆጠርናቸውም። የመጀመሪያውን ሰባ ሰው ሰምቶታል፣ በቃለ ጉባኤ ተጽፏል፣ ማኅተም አርፎበታል። ሁለተኛውን የሰማችው ሚስቱ ሹኩሪያ ብቻ ናት። የአምቦ ሰው ዛሬም ከድሮን የሚያመሰግነው በመጀመሪያው ነው። እሱን ግን የጨረሰው ሁለተኛው ነው።

ከስልጤ አገር ወጥቶ አምቦ ሲገባ ገና ጺም አላወጣም ነበር። መርፌና ክር፣ ቁልፍና ማበጠሪያ በሣጥን ተሸክሞ ከጊንጪ እስከ እጃጂ ገበያ ለገበያ ሲዞር ኦሮምኛውን በእግሩ ተማረ፣ ቀስ በቀስ ሱቅ ከፈተ፣ ሹኩሪያን አገባ። ሁለት ልጅ ወለዱ፤ ሁለቱም ጥርስ ሳያወጡ ሞቱ። ሦስተኛ አልመጣም። ልጅ እንደማይመጣ ሲገባው በ1964 ዓ.ም. ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከአንድ ባለርስት ቁራሽ መሬት ተከራየና ሦስት መቶ እግር ባሕር ዛፍ ተከለ። «የሚጦረኝ ልጅ ከሌለ የሚጦረኝ ዛፍ ይኑር» አለ። ቶሎ ቆርጦ ለማገር መሸጥ ይችል ነበር፤ እሱ ግን እስኪወፍሩ፣ ጠርብ እስኪወጣቸው ሊጠብቅ ወሰነ። ትዕግሥቱ ይኸው ነበር፤ ያለችውም ሀብት ይቺው ነበረች።

በዚህ ነገር የሚከራከረው ጎረቤቱ ገብረአማኑኤል ነው። ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ከሱ በአሥር ዓመት የሚበልጥ፣ ሬዲዮ ሰምቶ የማይጠግብ ሰው። ከሰዓት በኋላ ከከድሮ ሱቅ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ካልተቀመጠ ቀኑ ቀን አይመስለውም። የቆጠባትን ሁሉ የአንድ ጨርቅ ፋብሪካ አክሲዮን ገዝቶባታል።

«ዛፍ እሳት ይበላዋል፣ ሌባ ይቆርጠዋል» ይላል። «አክሲዮን ግን አንተ ተኝተህም ይወልዳል።»

በ1967 ፋብሪካው ተወረሰ። ገብረአማኑኤል ወረቀቱን አልጣለም፤ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ከዳዊቱ አጠገብ አስቀመጠው። ከድሮም እድሜ ልኩን አለቀቀውም።

«ጋሼ፣ ወረቀትዎ ዘንድሮም አልወለደም?»

«አንተስ? መሬቱ የሕዝብ ሆኗል። ዛፍህ የቆመው በሰው ትከሻ ላይ ነው።»

እውነቱን ነበር። መሬት የሕዝብ፣ ዛፍ የተካዩ የሚል ልማድ ነበር እንጂ የሚይዙት ወረቀት አልነበረም። ከድሮ ግን አብዮቱን ለመጥላት አቅም አጣ፤ ምክንያቱም ከመሬት አዋጁ በፊት ሌላ ነገር ሰምቷል። ኢድ የሕዝብ በዓል ነው ሲባል በዚያው በገብረአማኑኤል ሬዲዮ ሰማ። ሃያ ዓመት ሙሉ በኢድ ቀን ሱቁን ሲዘጋ ሥራ እንደፈታ ሰው ይታይ የነበረው ሰውዬ፣ ያን ቀን ማዘጋጃ ቤቱም ትምህርት ቤቱም አብረውት ሲዘጉ አየ። ከደስታው ብዛት የተዘጋውን የማዘጋጃ ቤት በር ሄዶ ነካው። ሞኝነት ነው ብትሉ እኔ አልስቅበትም።

«የሰጠህን አይተህ አትፈንድቅ» አለው ገብረአማኑኤል። «እኛንም መንግሥት ወዳጃችን ነው ስንል ኖረን የቤተ ክርስቲያኑን መሬት በአንድ ጀንበር ወሰደው። ሃይማኖትና መንግሥት ሲተቃቀፉ ኪሱን የሚፈተሸው ሃይማኖት ነው።»

«እርስዎ ቅር ያለዎት እኩል መሆናችን ነው» አለ ከድሮ፣ ግማሹን በቀልድ። ገብረአማኑኤል ለሁለት ቀን አግዳሚው ላይ አልታየም። በሦስተኛው ቀን መጣና ካቆመበት ቀጠለ።

እንዲህ እየተከራከሩ ዓመታት አለፉ። ስኳሩም ጨርቁም በቀበሌ ሱቅ በኩል ሆነ፤ መዋጮው በመዋጮ ላይ ተደራረበ፤ የከድሮ ሱቅ ወደ ክርና ቁልፍ ተመለሰ። ዛፎቹ ግን አደጉ። ከወንዙ ወዲህ ሆኖ ሲያያቸው የልቡ ትርታ ይስተካከላል።

በ1976 ግንቦት ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ዱጋሳ ይባላል፤ ድሮ ወፍጮ ቤት ይሠራ የነበረ፣ ክፉ ያልሆነ፣ ግን የበላይ አካል ስልክ ሲደውል ተነሥቶ ቆሞ የሚያነጋግር ሰው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በከተማው መግቢያ ቅስት እንደሚቆም፣ አዳራሽም እንደሚሠራ ተናገረ። በጀት አልተመደበም፤ ሕዝቡ በራሱ ተነሣሽነት ያዋጣል።

ገብረአማኑኤል እጁን አወጣ። «ስለ ወጪው አንድ ነገር ልጠይቅ። የጤና ጣቢያው ጣሪያ ያፈሳል። ከቅስቱ ጣሪያው ቢቀድምስ? ደግሞ ከሰሜን የሚመጡ መንገደኞች ስለ ረሃቡ የሚነግሩን አለ። ሰው እህል አጥቶ እኛ ለቅስት ቀለም ብንገዛ እግዜሩስ ምን ይላል?»

የቀበሌው ጸሐፊ ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ፤ ዱጋሳ በዓይኑ አስጣለው። «አስተያየቱ አይጻፍ» አለ። «የእንጨቱ ነገር ቀላል ነው። የጭልሞ ደን የመንግሥት ስለሆነ አይነካም። ከወንዝ ማዶ ያለው የጓድ ከድሮ ባሕር ዛፍ ግን በሕዝብ መሬት ላይ ነው።»

ከድሮ ተነሥቶ ሲቆም የሚናገረውን አያውቅም ነበር። አፉ ቀደመው።

«ዛፉ የኔ አይደለም። ለመስጊድ ወቅፍ አድርጌዋለሁ።»

ወቅፍ ማለት ለአላህ ብለው የሰጡት፣ ከዚያ ወዲያ የማይሸጥ የማይለወጥ ንብረት ነው። ዱጋሳ ደነገጠ። በዚያው ሰሞን ‹ሃይማኖቶችን አትንኩ› የሚል መመሪያ ደርሶታል። ከኋላ ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ወደ መስጊዱ ኢማም፣ ወደ ሼህ ዩሱፍ ዞረ።

«ሼሁ፣ እውነት ነው?»

ሼህ ዩሱፍ ውሸት ምላሳቸውን የሚያቃጥላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከድሮን ረጅም ጊዜ አዩት። «እስከ ዛሬ አልሰማሁም» አሉ። «አሁን ሰማሁ። ከአሁን ጀምሮ እመሰክራለሁ።»

ተጻፈ፤ የአምቦ የመዝገብ ስም «ሀገረ ሕይወት» የተቀረጸበት ማኅተም አረፈበት። የከድሮ ዛፍ ተረፈ። ገብረአማኑኤል ግን በጥያቄው ሦስት ሳምንት ታሰረ፤ ሲፈታ አባቱ የተከሏቸው ሁለት ጥዶች ከግቢው አልነበሩም። ቅስቱ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብተው ቆመዋል። ከድሮ ይቅርታ ሊጠይቅ ቢሄድ፣ «አንተ ምን አደረግህ? የዋሸኸው ለራስህ ነው፤ የተናገርሁት ለራሴ ነው» ብሎ መለሰው። ይህች ቃል ከስድብ በላይ ቆረቆረችው።

በዚያው በስብሰባው ቀን ከድሮ ቤቱ ሲደርስ ወሬው ቀድሞታል። ሹኩሪያ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ትጠብቀዋለች። እንደተናደደች ገመተ። እሷ ግን እጁን ይዛ ሳመችው።

«ለልጆቻችን ነው አይደል ያደረግኸው? ምንዳው ለሁለቱ እንዲደርስ?»

ከድሮ እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ። ዘዴ ነው፣ ነገሩ ሲበርድ እንሸጠዋለን ሊላት ነበር ያሰበው። ፊቷን አየ። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም።

«አዎ» አለ።

ይኸው ነው ሁለተኛው ውሸት፤ አንድ ቃል።

ከዚያ በኋላ ሹኩሪያ የዳገቱ ቤተኛ ሆነች። ሐሙስ ሐሙስ ወንዙን ተሻግራ ዛፎቹ ሥር ትቀመጣለች፤ ዱዓ ታደርጋለች፤ የወደቀ ቅጠል እንኳ ለማገዶ አታመጣም፤ «የመስጊድ ነው» ትላለች። ለሴቶቹ ትነግራለች። ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። ከድሮ ይህን ባየ ቁጥር እውነቱን ለነገ ያሳድረዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የሱ ቃል አፋፍ ላይ ቆሞ ቤት ሠራ።

በ1979 መስከረም ላይ ሆዷን አመማት። ሲያስመረምራት ሐኪሙ በማኅፀኗ እጢ አለ፣ ሳይስፋፋ አዲስ አበባ ወስደህ ኦፕራሲዮን አስደርጋት፣ ከሁለት ወር አትለፍ አለው። ነጋዴ ተብሎ ስለተመዘገበ የነፃ ሕክምና ወረቀት አይሰጠውም። የሱቁን ዕቃ ሸጠ፤ ሼሁ በጁምዓ ከሰዉ ለመኑለት፤ ገብረአማኑኤል ያንን ሬዲዮውን ሸጦ አመጣ። ተደምሮ ለመሄጃና ለማደሪያ እንጂ ለመታከሚያ አልደረሰም። ከእጃጂ አንድ እንጨት ነጋዴ ዛፎቹን በቁማቸው ሊገዛ ይፈልጋል፤ ዋጋው ለሁሉም ተርፎ ይቀራል።

ከድሮ ወደ ሼህ ዩሱፍ ሄደ። «ዘዴ ነበር» አላቸው። «አላህ ልቤን ያውቃል።»

«አላህ ልብህን ያውቃል። እኔ የማውቀው አፍህን ነው» አሉ ሼሁ። ቆይተው ግን ድምፃቸው ለዘበ። «በሕዝብ ፊት የሰማሁትን በሕዝብ ፊት አፍርሰው። ዋሽቼ ነበር በል። ያኔ ወቅፍ አልነበረም ብዬ እመሰክርልሃለሁ።»

ዱጋሳን በጎን ጠየቀው። ዱጋሳ ግራ ቀኝ አይቶ፣ «ኦቦ ከድሮ፣ ስብሰባ ማታለል አሻጥር ይባላል። ጥቂት ወር ትታሰራለህ። ማል ጎና፣ ምን እናድርግ?» አለው በኦሮምኛና በአማርኛ። «ዛፉን ግን አስቀድመህ ትሸጣለህ፤ እሱን እኔ አላይም።»

እስሩ ከድሮን አላስፈራውም። ገብረአማኑኤል ይወስዳታል፤ ያስታምማታል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ለሹኩሪያ መንገር። ስብሰባው ላይ ከተናገረ እሷ ጆሮ ሳይደርስ አያድርም።

«ዛሬ ንገራት» አለው ገብረአማኑኤል። «ትቆጣለች፤ ትቆጣ። የምትቆጣ ሚስት በሕይወት ያለች ሚስት ናት።»

ከድሮ ገባ። ሹኩሪያ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከስታለች፤ በመስኮቱ በኩል የዳገቱ ጫፍ ይታያታል።

«ከድሮ፣ ና ተቀመጥ» አለችው። «አትጨነቅ። እኔ ሞትን አልፈራም። በፊት እፈራ ነበር፤ ባዶ እጄን ነበርኩና። አሁን እዚያ የሚጠብቀኝ አለ። ልጃችን ናፊሳ በሕይወት ብትኖር ይሄኔ እንደ ዛፎቹ ነበር የምትመዘዘው። አንተ ነህ ይህን የሰጠኸኝ። ሌላው ባል ወርቅ ይሰጣል።»

ከድሮ አፉን ከፈተ።

«ውሃ ልስጥሽ?» አለ።

ለጁምዓ ማግስት አሳደረው። ከዚያ ሲያማት ጊዜ ሲሻላት እነግራታለሁ አለ፤ ሲሻላት ደግሞ ደስታዋን ማደፍረስ አቃተው። በተሰበሰበው ገንዘብ አዲስ አበባ ሄደው አልጋ የለም ተብለው በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ፤ በግል ኦፕራሲዮን የሚያስደርግበት ገንዘብ ዳገቱ ላይ ቆሟል። ገብረአማኑኤል በየቀኑ በዓይኑ ይጠይቀዋል፤ ከድሮ ዓይኑን ይሰብራል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል። ሁለት ወር የተባለው አራት ወር ሆነና በጥር አንድ ጠዋት ሹኩሪያ ወደ መስኮቱ እንደዞረች ሞተች።

በእስላም ቀብር ሬሳው ከገባ በኋላ አፈሩ እንዳይጫነው እንጨት ይረበረብበታል። ሼህ ዩሱፍ፣ «የወቅፉ ዛፍ ይቆረጥ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ሥራ አለው?» አሉ። ከድሮ ራሱ መጥረቢያ ይዞ ተሻገረ። በአሥራ አምስት ዓመት የመጀመሪያው ቆረጣ ነው። ዘጠኝ እንጨት ወጣ። ከሦስት መቶ እግር ባሕር ዛፍ ለሹኩሪያ የደረሳት ዘጠኝ እንጨት ነው።

ገብረአማኑኤል ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር። ሰዉ ሲበተን ጠጋ አለ።

«አልነገርካትም?»

«አልነገርኳትም።»

ገብረአማኑኤል ክርክር የማይጠፋው ሰው ነው። ያን ቀን ግን ክንዱን ይዞ ወደ ቤት ወሰደው።

በ1983 ግንቦት መንግሥት ወደቀ። ዱጋሳ በአንድ ጀንበር ጠፋ፤ የቀበሌው ወረቀት በየሜዳው በነፋስ ይበር ጀመር። ገብረአማኑኤል፣ አሁን በከዘራ የሚሄድ፣ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም አንዷን ቅጠል አገኘና አግዳሚው ድረስ ይዞለት መጣ። የ1976ቱ ቃለ ጉባኤ ነበረች፤ ማኅተሟ ሳይቀር።

«ሼሁም አርፈዋል፤ ይቺም እጅህ ገባች» አለው። «ከአፍህ የሰማነውም ብንሆን በዚህ ቀውጢ ማን ስላንተ ዛፍ ያስባል? ሽጠህ ጡረታህን ብላ። በዚህ ክርክር አንተ ረታኸኝ፤ የኔ ወረቀት አልወለደም፣ ያንተ ዛፍ ቆሟል።»

ከድሮ ወረቀቱን ተቀበለው። መልስ ሳይሰጥ አንድ ጎልማሳ እየሮጠ መጣ፤ ሰው ሞቶበታል፤ ከሹኩሪያ ወዲህ የእስላሙ መቃብር እንጨት የሚቆረጠው ከዚያ ዳገት ነው።

«እንጨት ፈልጌ ነው፣ ጋሼ ከድሮ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት። እናቴ ናት።»

ከድሮ ወረቀቱን አጥፎ ለገብረአማኑኤል መለሰለትና መጥረቢያውን ከበሩ ኋላ አነሣ።

«ዘጠኝ ይበቃታል» አለ።

«አላህ አጅርዎን ይክፈልዎ» አለ ጎልማሳው እያለቀሰ።

ለዚህ ምርቃት አሚን ይባላል። ከድሮ አላለም። ወንዙን ሊሻገር ቀድሞት ሄደ።